መስከረም 22 ቀን 1928፦ የፓሪሱ ውልና የጣሊያን ዕዳ

ጣሊያን ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት በአንድ ወገን ገብታ በሌላው ወገን ወጣች። በጁን 1940 ከሂትለር ጎን ተሰልፋ ጦርነት አወጀች፤ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1943 ሲሲሊ ውስጥ ካሲቢሌ በተባለ ስፍራ እጅ መስጠቷን በምስጢር ፈረመች፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 13 ደግሞ በትናንት አጋሯ በጀርመን ላይ ዘመተች። (ቀኖቹ፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጦርነቱ አልቆ ሰላም ለመዋዋል ሲቀመጡ እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነበር፦ ይህች አገር ዕዳዋን የምትከፍል ተሸናፊ ናት ወይስ ድርሻዋን የምትጠይቅ ባልደረባ?

የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም.፣ ማለትም ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1947፣ ፓሪስ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል ሁለቱንም ናት ይላል። መግቢያው የፋሺስቱ መንግሥት የወረራ ጦርነት መክፈቱን ይመዘግብና ወረድ ብሎ ጣሊያን ከ1943 ወዲህ በጀርመን ላይ መዋጋቷን ይመሰክርላታል። ከዚያ 90 አንቀጾችና 17 አባሪዎች ይከተላሉ። በአገራችን ስለ ወረራውና ስለ አርበኞቹ ብዙ ተጽፏል። ወራሪው ተሸንፎ ምን ግዴታ እንደ ፈረመ፣ ከፈረመውም የትኛውን እንደ ፈጸመ በዝርዝር የሚያውቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። ውሉ በቀጥታ የሚመለከተን በመሆኑ አንቀጾቹን ገልጦ ማየቱ ይጠቅማል።

የፓሪሱ ጉባኤ ከጁላይ 29 እስከ ኦክቶበር 15 ቀን 1946 በሉክሰምቡርግ ቤተ መንግሥት ተካሄደ። የተቀመጡት 21 አገሮች ሲሆኑ ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች፤ ልዑካኗን የመሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድ ናቸው። ዋናው ሥራ ግን አስቀድሞ አልቋል። የአሜሪካ፣ የሶቪየት ኅብረት፣ የእንግሊዝና የፈረንሣይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ለወራት ተጨቃጭቀው የረቂቁን አብዛኛውን ክፍል ጨርሰውት ነበር። ሌሎቹ አገሮች የተጠሩት አስተያየታቸውን እንዲሰጡ ነው። ጣሊያን ደግሞ እንደ ተዋዋይ ወንበር እንኳ አልተሰጣትም። ጠቅላይ ሚኒስትሯ አልቺዴ ደ ጋስፔሪ ኦገስት 10 ቀን ተጠርተው እንዲናገሩ ብቻ ተፈቀደላቸው። ደ ጋስፔሪ በሙሶሊኒ ዘመን ወህኒ የወረዱ ሰው ናቸው፤ አገራቸውም ከሁለት ወር በፊት በሕዝበ ውሳኔ ዘውዱን አውርዳ ሪፐብሊክ ሆናለች። ንግግራቸውን የጀመሩት ከተሰብሳቢው ጨዋነት በቀር ሁሉም ነገር በሳቸው ላይ እንደ ቆመ እንደሚሰማቸው በመግለጽ ነበር። ሲጨርሱ አዳራሹ ዝም አለ። እጃቸውን የጨበጧቸው የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጄምስ በርንስ ናቸው።

ውሉ በተሸናፊው ላይ የተጫነ ለመሆኑ ከመጨረሻው ከ90ኛው አንቀጽ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ጣሊያን ውሉን እንድታጸድቅ ይጠይቃል፤ በሥራ ላይ የሚውለው ግን አራቱ ኃያላን የማጽደቂያ ሰነዳቸውን ሲያስገቡ ነው። የጣሊያን ፓርላማ ቢቃወምም ባይቃወምም ለውጥ አያመጣም። ሮም ላይ በሕገ መንግሥት ጉባኤው ክርክር ሲነሳ ዝነኛው ፈላስፋ ቤኔዴቶ ክሮቼና በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን አገሪቱን የመሩት ቪቶሪዮ ኤማኑኤሌ ኦርላንዶ ተነስተው ውሉን አምርረው ነቀፉ። ጉባኤው አዳምጦ አጸደቀው። ውሉ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1947 ሥራ ላይ ዋለ። ይህን ቀን አንባቢ ይያዝልኝ፤ ብዙው ነገር ከዚህ ቀን ይቆጠራል።

ግዛትን የሚመለከቱት አንቀጾች ወዲያው ተፈጸሙ። ብሪጋና ቴንዳ የተባሉት የአልፕስ ወረዳዎች ለፈረንሣይ ተሰጡ፤ ሮድስን ጨምሮ የዶዴካኔዝ ደሴቶች ለግሪክ፤ ፊዩሜ፣ ዛራና የኢስትሪያ አብዛኛው ክፍል ለዩጎዝላቪያ ሆኑ። ትሪየስቴ የማንም ሳትሆን በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት የምትጠበቅ ነጻ ግዛት እንድትባል ተወሰነ፤ ኃያላኑ ግን አንድ አገረ ገዥ መርጠው መሾም እንኳ አቃታቸውና በ1954 ከተማዋ ወደ ጣሊያን አስተዳደር ተመለሰች።

እነዚህ መስመሮች በካርታ ላይ ሲታዩ ቀላል ይመስላሉ። በወደብ ከተማዋ በፖላ ግን አብዛኛው ጣሊያናዊ ነዋሪ በ1947 ክረምት ቤቱን ዘግቶ፣ ወንበሩንና ቁምሳጥኑን አስሮ፣ ቶስካና በምትባል መርከብ እየተመላለሰ ተሰደደ። ከኢስትሪያ የተሰደዱት ሰዎች ተመልሰው ሊወስዱት ያልቻሉት ዕቃ፣ ወንበሩ፣ አልጋው፣ የግድግዳ ፎቶግራፉ ሳይቀር፣ ትሪየስቴ ወደብ ውስጥ መጋዘን 18 በሚባል ስፍራ ለብዙ አሥርት ዓመታት ተከምሮ ኖሯል። የጣሊያን ፓርላማ በ2004 ባወጣው ሕግ ፌብሩዋሪ 10 የእነዚህ ስደተኞች መታሰቢያ ቀን ሆኗል። ሐዘናቸው እውነተኛ ነው፤ የፋሺስት መሪዎችን ጥፋት ተራው ሰው በቤቱና በመቃብሩ ከፍሏል። ያም ሆኖ አንድ ነገር ቅር ይለኛል። ጣሊያን ያንን ቀን የምታስበው ያጣችውን በመቁጠር ነው። በዚያው ቀን በተፈረመው ወረቀት ለሌሎች የገባችው ግዴታ በመታሰቢያው ላይ ብዙም ቦታ የለውም።

የጦር ኃይሉን የሚመለከቱት አንቀጾች በጣም ዝርዝር ናቸው። ምድር ጦሩ ከ185,000፣ ካራቢኒየሪ የተባለው የፖሊስ ጦር ከ65,000 ሰው እንዳይበልጥ፤ ታንኩ ከ200 እንዳያልፍ፤ ቦምብ ጣይ አውሮፕላንና የአቶም መሣሪያ እንዳይኖር። ከባሕር ኃይሉም የተወሰኑት መርከቦች ለአሸናፊዎቹ ይከፋፈላሉ። ጁሊዮ ቼዛሬ የተባለችው የጦር መርከብ ለሶቪየት ኅብረት ደረሰቻት፤ ኖቮሮሲይስክ ተብላ ስሟ ተለወጠ፤ በኦክቶበር 1955 ሴቫስቶፖል ወደብ ላይ እንደ ቆመች ፈንድታ ከ600 በላይ መርከበኞችን ይዛ ሰጠመች።

የቁጥር ገደቦቹ ዕድሜ ግን አጭር ነበር። ኤፕሪል 4 ቀን 1949 የሰሜን አትላንቲክ የጦር ኪዳን ሲመሠረት ጣሊያን ከመሥራቾቹ አንዷ ሆነች። በአንድ በኩል ትጥቋን እንድትቀንስ አስገድደው በሌላ በኩል ወታደር እንድታዋጣ መጠየቅ አይቻልም። በ1951 አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሣይ ገደቦቹ ጊዜ ያለፈባቸው መሆናቸውን አስታወቁ፤ በዓመቱ መጨረሻም ገደቦቹ በተግባር ተነሱ። ውሉ በሥራ ላይ ከዋለ ገና አራት ዓመቱ ነበር።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ የካሣው ድምር 360 ሚሊዮን ዶላር ነው። ዩጎዝላቪያ 125፣ ግሪክ 105፣ ሶቪየት ኅብረት 100፣ ኢትዮጵያ 25፣ አልባኒያ 5 ሚሊዮን ተመደበላቸው። በ1921 በጀርመን ላይ ከተጫነው 132 ቢሊዮን የወርቅ ማርክ ጋር ሲተያይ ይህ እጅግ ትንሽ ነው፤ ትንሽ የሆነውም ታስቦበት ነው። ከቬርሳይ ውል በኋላ ጀርመን ላይ የደረሰውን ሁሉም አስታውሷል። ከዚያ በላይ ደግሞ አሜሪካና እንግሊዝ በዚያ ሰዓት የጣሊያንን ሕዝብ ስንዴ እያቀረቡ ይቀልቡ ነበር፤ ጣሊያን የምትከፍለው እያንዳንዱ ዶላር በመጨረሻ ከነሱ ኪስ እንደሚወጣ ገብቷቸዋል። ስለዚህ ካሣው በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በፋብሪካ መሣሪያና በምርት በሰባት ዓመት ውስጥ እንዲከፈል፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከፋብሪካ ምርት ምንም እንዳይወሰድ ተደረገ።

ኢትዮጵያ ለጉባኤው ያቀረበችው ዝርዝር ከዚህ ጋር አይገናኝም። መንግሥት በወረራውና በአምስቱ ዓመት 760,300 ሰው መሞቱን ቆጥሮ አቀረበ፦ በጦር ሜዳ 275,000፣ ከ1936 በኋላ በአርበኝነት 78,500፣ በየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ 30,000፣ በማጎሪያ 35,000፣ መንደራቸው ተቃጥሎ በረሃብና በችግር 300,000፣ ሌሎቹም እንዲሁ በየምድባቸው። 2,000 አብያተ ክርስቲያናትና 525,000 ቤቶች መውደማቸውንም ጨመረ። የተጠየቀው ካሣ ከ184 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር። ቁጥሩ የከሳሽ ቁጥር ነው፤ በዚያ ዘመን በገጠሪቱ ኢትዮጵያ እያንዳንዱን ሟች መዝግቦ መያዝ እንደማይቻልም ማንም ያውቃል። ሆኖም ከተፈቀደው ጋር ማስተያየት ይቻላል። 25 ሚሊዮን ዶላር በጊዜው ምንዛሪ ስድስት ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ስለሆነ ከተጠየቀው ሠላሳ እጅ አንዱን እጅ ያህል ነው።

ታዲያ ኢትዮጵያ ከፓሪስ ባዶ እጇን ተመለሰች? አልተመለሰችም። ውሉ ስለ ኢትዮጵያ ብቻ የሚናገሩ ስድስት አንቀጾች አሉት፤ ከ33 እስከ 38። የመጀመሪያው ጣሊያን የኢትዮጵያን ሉዓላዊነትና ነጻነት እንድታውቅና እንድታከብር ያስገድዳል። የሚቀጥለው የጣሊያን መንግሥት በማንኛውም ጊዜ በኢትዮጵያ ያገኘውን ንብረትና ጥቅም፣ ከኤምባሲና ከቆንስላ ግቢ በስተቀር፣ ለኢትዮጵያ እንዲለቅ፣ ልዩ ተጽዕኖ አለኝ የሚለውንም አቤቱታ እንዲተው ያደርጋል። ቀጥሎ ኢትዮጵያ የወራሪውን አዋጆች ለመሻር የወሰደችውና የምትወስደው እርምጃ ሁሉ ሕጋዊ ነው ይላል። ሠላሳ ሰባተኛው ከኢትዮጵያ የተወሰዱ የጥበብ ሥራዎች፣ የሃይማኖት ንዋያት፣ የመዝገብ ሰነዶችና ታሪካዊ ዕቃዎች በ18 ወር ውስጥ ይመለሱ ይላል።

በእኔ ግምት ከስድስቱ ሁሉ የሚበልጠው ግን የመጨረሻው፣ አጭሩ 38ኛው አንቀጽ ነው። ጣሊያንና ጣሊያናውያን በኢትዮጵያ ላይ በፈጸሙት ድርጊት የሚጠየቁት ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 ጀምሮ ነው ብሎ ይደነግጋል። ያ ቀን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ በዴ ቦኖ የሚታዘዘው የጣሊያን ጦር መረብን የተሻገረበት ቀን። የዓለም ጦርነት በሴፕቴምበር 1939 ጀመረ ለሚሉት ለአሸናፊዎቹ የማይጨው ጦርነት የተለየ፣ የቆየ፣ የተዘጋ ጉዳይ ነበር። እንዲያውም እንግሊዝና ፈረንሣይ በመካከሉ የጣሊያንን ግዛት ዕውቅና ሰጥተውታል። ጣሊያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት የገባችበት ጁን 1940 መነሻ ቢሆን ኖሮ የመርዝ ጋዙ፣ የየካቲት 12ቱ እልቂት፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት መረሸን፣ የአክሱም ሐውልት መወሰድ ሁሉም ከውሉ ውጭ ይቀሩ ነበር። አንድ ቀን በአንድ አንቀጽ ውስጥ መጻፉ የአምስት ዓመት ገደማ ደም ወደ ሒሳቡ አስገባ። ከአሥር ዓመት በፊት ጄኔቭ ላይ የተካደች አገር ይህንን ማስጻፍ መቻሏ በዲፕሎማሲ ታሪካችን ሊኮራበት የሚገባ ድል ነው።

ድክመቱ ያለው አፈጻጸሙ ላይ ነው፤ የውሉም ዋና ትምህርት እዚህ ላይ ይገኛል። ግዛቱን የዩጎዝላቪያ ወታደር ቆሞ ተረከበው፤ መርከቦቹንም የኃያላኑ መኮንኖች መጥተው ወሰዱ። ለተቀረው ማን ይጠይቃል? መልሱ 86ኛው አንቀጽ ላይ አለ። ሮም የሚገኙት የአራቱ ኃያላን አምባሳደሮች በአንድነት ሆነው የውሉን አፈጻጸም ይከታተላሉ፤ የሥራ ዘመናቸውም ከ18 ወር አይበልጥም። ሁለቱን 18 ወሮች ጎን ለጎን እናስቀምጥ። ንብረት የሚመለስበት ቀነ ገደብ ማርች 15 ቀን 1949 ያበቃል፤ ተቆጣጣሪው አካልም ያንኑ ቀን ይበተናል። ጣሊያን ቀነ ገደቡን ብታሳልፍ በማግስቱ የሚጠይቃት የጋራ አካል የለም። እስከዚያም ቢሆን የሶቪየቱና የአሜሪካው አምባሳደር በአንድነት የሚሠሩበት ጊዜ አልፎ ነበር። ቀነ ገደቡ ካለፈ ወር ሳይሞላው ደግሞ ጣሊያን የአትላንቲኩ ኪዳን አባል ሆና ተፈራረመች። አዲስ አጋርን ስለ አሮጌ ዕዳ የሚወተውት ኃያል አልተገኘም።

የሆነውም እንደዚያው ነው። ሙሶሊኒ በ1937 ሮም ውስጥ ከአፍሪካ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ፊት ያቆመው የአክሱም ሐውልት እዚያው ቆየ። በ1956 አዲስ አበባ ላይ በተፈረመ ስምምነት ጣሊያን ሐውልቱን ነቅላ እስከ ኔፕልስ ወደብ ለማድረስ እንደገና ቃል ገባች፤ አላደረሰችም። በ1997 ሌላ ስምምነት ተፈረመ። በሜይ 2002 መብረቅ ጫፉን መታው። በመጨረሻ 24 ሜትር ርዝመት ያለው ድንጋይ በሦስት ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ተጭኖ በኤፕሪል 2005 አክሱም ገባ፤ በ2008 ተተክሎ ተመረቀ። 18 ወር የተባለው 58 ዓመት ፈጀ። በ1935 አዲስ አበባ የተሠራችው ፀሐይ የተባለችው አውሮፕላን ደግሞ ከሮም ሰሜን በቪኛ ዲ ቫሌ ሙዚየም ተሰቅላ ኖራ የተመለሰችው በጃንዋሪ 2024 ነው።

ካሣውም ከሰባት ዓመቱ ቀነ ገደብ አልፎ በዚያው በ1956ቱ ስምምነት ተቋጨ፤ ዋናው ፍሬውም በአዋሽ ላይ የተሠራውና በ1960 አገልግሎት የጀመረው የቆቃ ግድብ ነው። ግድቡ ለአዲስ አበባና ለአካባቢው ፋብሪካዎች መብራት ሰጥቷል፤ ይህንን ማቃለል አይገባም። ሆኖም ዛሬ በግድቡ አጠገብ ከሚያልፈው ሰው ስንቱ ውኃው የጦር ካሣ መሆኑን ያውቃል?

የባሰው የፍርዱ ነገር ነው። 45ኛው አንቀጽ ጣሊያን በጦር ወንጀል የሚከሰሱትን ይዛ እንድታስረክብ ያዛል። ኢትዮጵያ የአሥር ሰዎች ጉዳይ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን አቀረበች፤ የወራሪውን ጦር የመሩት ባዶሊዮና ግራዚያኒ በዝርዝሩ ላይ አሉ። ኮሚሽኑም በ1948 ለክስ በቂ መነሻ እንዳለ ተቀበለ። አንድም ሰው ግን ተላልፎ አልተሰጠም። የባዶሊዮ ነገር የውሉን ውስጣዊ ችግር ከማንም አጉልቶ ያሳያል፤ በ1936 አዲስ አበባን ድል አድርጎ የገባው ማርሻል፣ በሴፕቴምበር 1943 ማልታ ላይ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተቀምጦ ከቃል ኪዳን አገሮቹ ጋር የእጅ መስጫውን ሙሉ ውል የፈረመው ጠቅላይ ሚኒስትር ራሱ ነው። ከሱ ጋር የተፈራረሙ ሰዎች ለፍርድ ሊያቀርቡት አልፈለጉም። ግራዚያኒ በ1950 በጣሊያን ፍርድ ቤት 19 ዓመት ተፈረደበት፤ የተፈረደበት ግን ከጀርመኖች ጋር በማበሩ ሲሆን ከጥቂት ወራት በኋላም ተፈታ። ስለ ኢትዮጵያ አንድ ቀን እንኳ አልተጠየቀም። በ2012 አፊሌ በምትባል ከተማ መታሰቢያ ተሠርቶለታል።

ስለ ቅኝ ግዛቶቹ የተጻፈው 23ኛ አንቀጽም መዘዙ ረጅም ነው። ጣሊያን ሊቢያን፣ ኤርትራንና ሶማሊያን ለቀቀች፤ ለማን እንደሚሆኑ ግን አልተወሰነም። አራቱ ኃያላን በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተስማሙ ጉዳዩ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ይሄዳል ተባለ፤ አልተስማሙምና ሄደ። ሊቢያ ነጻ እንድትወጣ ተወሰነ። ሶማሊያ በ1950 ለአሥር ዓመት በሞግዚትነት ለራሷ ለጣሊያን ተመልሳ ተሰጠች፤ ኢትዮጵያ አጥብቃ የተቃወመችው ጉዳይ ነው። ኤርትራ በዲሴምበር 1950 ውሳኔ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትተሳሰር ተደረገ፤ ፌዴሬሽኑ በ1952 ጀምሮ በ1962 ፈረሰ፤ ከዚያ በኋላ የፈሰሰውን ደም የሁለቱም አገር ሰው ያውቀዋል። ፓሪስ ላይ እልባት ያላገኘው ጥያቄ የከፋው ዋጋ የተከፈለው በአፍሪካ ቀንድ ነው።

ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ ውሉ ለኢትዮጵያ ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ ለሚለው መልሴ ይህ ነው፦ ጽሑፉ ጠንካራ፣ አስፈጻሚው ደካማ ነበር። ጽሑፉ ደግሞ ዛሬም አለ። በ37ኛው አንቀጽ የተጻፈው 18 ወር ዕዳው የሚከፈልበት ቀን እንጂ የሚሰረዝበት ቀን አይደለም፤ ሐውልቱም ፀሐይም የተመለሱት ከቀነ ገደቡ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የቀረው ሥራ በእኛ በኩል ነው። ከመስከረም 22 ቀን 1928 ወዲህ ወደ ጣሊያን የተወሰዱ መዝገቦች፣ ንዋያተ ቅድሳትና ሥዕሎች በሙሉ፣ ከየት እንደ ተወሰዱና ዛሬ የት እንደሚገኙ የሚያሳይ አንድ የተሟላ ዝርዝር ለሕዝብ ይቅረብ። የቅርስና የቤተ መዛግብት መሥሪያ ቤቶቻችን፣ አድባራቱና ገዳማቱ የየራሳቸውን መዝገብ ያገላብጡ፤ ሮምና ሚላኖ የምትኖሩ ወገኖችም በየሙዚየሙና በየቤተ መጻሕፍቱ የምታዩትን ጻፉ፣ ፎቶ አንሱ፣ አሳውቁ።